"ይሄ ነው ልጆቼን የነሳኝ?" የታይሮይድ አንቲቦዲና የጽንስ መጨንገፍ

አሜሪካ የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የላብራቶሪ ውጤት ነው። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አንዱ በ9 ሳምንቱ፣ ሌላው በ7 ሳምንቱ። ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንዱ ብቻ ጎኑ ላይ ቀይ ቀስት ተሰክቶበታል። "ቲፒኦ አንቲቦዲ" ይላል። ከ34 በታች መሆን ነበረበት። የእሷ ከ300 በላይ ነው። ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጽፋለች፦ "ይሄ ነው ልጆቼን የነሳኝ?"

እናቷ ካገር ቤት ደውለው "ሾተላይ ነው ልጄ" ብለዋታል። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ "ለዚህ እኮ ክኒን አለው፤ ቀደም ብለሽ ብትጀምሪው ኖሮ አይወርድብሽም ነበር" አለቻት። ሁለቱም ለእሷ አስበው ነው። የባልደረባዋ ንግግር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለቅሳት አደረ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አመነች። ጽንስ በጠፋባት ሴት ላይ ጸጸት መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ጥያቄዋ አጭር ነው። ሳይንሱ ግን እዚህ ጥያቄ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በመሃልም ሐሳቡን ቀይሯል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ለውጥ ለብዙ ሴቶች ስላልደረሳቸው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕጢው፣ ትእዛዙና አንቲቦዲው

የታይሮይድ ዕጢ አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ሲያብጥ እንቅርት የምንለው እሱን ነው። ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን ሆርሞን ይሠራል። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነት ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ሁሉም በዚህ ሆርሞን ይመራል።

ዕጢውን የሚያዘው ሌላ ዕጢ ነው። አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ቲኤስኤች የሚባል ትእዛዝ ይልክለታል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ትእዛዙን ያበረታል። ሲበዛ ዝም ይላል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ አለ ማለት ዕጢው ደክሟል ማለት ነው። ብዙ ሰው "ታይሮይዴ በዛ" ብሎ የሚረዳው ተገላቢጦሹን ነው።

አንቲቦዲው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ቲፒኦ ዕጢው ሆርሞን ለመሥራት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ነው። በአንዳንድ ሰዎች የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ይህን የራሱን ኢንዛይም እንደ ባዕድ ያየውና አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገርን ለመዋጋት የሚሠራውን ፕሮቲን፣ ያመርትበታል። በ1912 ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ቀዶ ሐኪም የ4 ሴቶችን ዕጢ በማይክሮስኮፕ አይቶ በነጭ የደም ሴሎች ተወርሮ አገኘው። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። አንቲቦዲ መኖሩና ሆርሞን ማነሱ አንድ አይደሉም። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ገደማ አንቲቦዲው ይገኝባታል። ከእነሱ አብዛኞቹ ሆርሞናቸው ልክ ነው። አንዳንዶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ። የጓደኛዬም ቲኤስኤች 1.9 ነበር። ልክ ነው።

ታዲያ ከእርግዝና ጋር ምን አገናኘው?

እርግዝና ለታይሮይድ ትልቅ ሸክም ነው። የእናትየው የሆርሞን ፍላጎት እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ጽንሱ የራሱን ታይሮይድ መሥራት የሚጀምረው በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ በደንብ ራሱን የሚችለው ግን ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላው ነው። እስከዚያ አንጎሉ የሚገነባው ከእናቱ በሚመጣ ሆርሞን ነው። ጤነኛ ዕጢ ሲታዘዝ ሥራውን ይጨምራል። አንቲቦዲ ለዓመታት ሲሸረሽረው የኖረ ዕጢ ግን መጠባበቂያ ላይኖረው ይችላል። ሜዳ ላይ ደህና የሚራመድ ሰው ጉልበቱ የሚታወቀው ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ነው።

ቁጥሮቹ ምን አሉ?

ግንኙነቱን በግልጽ ያሳየው ጥናት በ1990 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ። አጥኚዎቹ 552 ሴቶችን በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት መረመሩ። አንቲቦዲ ከተገኘባቸው ከመቶ 17ቱ ጽንሱ ጨነገፈባቸው። ካልተገኘባቸው ከመቶ 8.4። እጥፍ ነው። ሆርሞናቸውን ሲለኩት ደግሞ ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አላገኙም። ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገውም ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ በየአገሩ ጥናት ተሠራ። በ2011 የብሪታንያ ተመራማሪዎች 31 ጥናቶችን፣ ከ12,000 በላይ ሴቶችን፣ አንድ ላይ አስቀምጠው አዩ። ከ31ዱ በ28ቱ ግንኙነቱ ታየ። ያለ ጊዜው የመውለድ ዕድልም እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ገልብጦ ማንበብም ያስፈልጋል። በ1990ው ጥናት አንቲቦዲ ካለባቸው ከመቶ 83ቱ ጽንሱ አልጨነገፈባቸውም። ቀይ ቀስት ያለበት ወረቀት የያዘች ሴት ይህን ቁጥር የሚነግራት ሰው ስታገኝ አላየሁም። ሁሉም የሚነግራት "እጥፍ" የሚለውን ነው።

ደግሞም ጥናቱ እየሰፋና እየጠራ ሲሄድ ልዩነቱ እየጠበበ መጥቷል። በ2019 ከ47,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ትንታኔ ወጣ። ያለ ጊዜያቸው የወለዱት አንቲቦዲ ካለባቸው 6.6 በመቶ፣ ከሌለባቸው 4.9 በመቶ ናቸው። ልዩነት አለ። ግን እጥፍ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊትና በስኳር ላይ ደግሞ ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ክኒኑ እንዴት ተስፋ ሆነ?

የባልደረባዋ ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ምንጩ በ2006 ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። 984 ነፍሰ ጡሮች ተመረመሩ። ቲፒኦ አንቲቦዲ ከተገኘባቸው 115 ሴቶች ግማሾቹ ሌቮታይሮክሲን ተሰጣቸው። ይህ ክኒን ታይሮይድ ከሚሠራው ሆርሞን ጋር አንድ ነው። ክኒኑን ከወሰዱት 3.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 13.8 በመቶ ጨነገፈባቸው።

ሲሰሙት ያስደስታል። ሐኪሞችም ተደሰቱ። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ በልኩ ከተወሰደ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ታዲያ ለምን አንሰጥም አሉ። በብዙ አገር አንቲቦዲ ለተገኘባት ሁሉ መስጠት ተለመደ። በ2017 የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር ባወጣው መመሪያ ላይም፣ ማስረጃው ደካማ ነው እያለ፣ ጽንስ ጨንግፎባቸው ለሚያውቁና አንቲቦዲ ላለባቸው ሴቶች ማሰብ ይቻላል የሚል በር ክፍት ተትቷል።

ግን መቶኛውን ወደ ሰው እንመልሰው። ክኒን ከወሰዱት 57 ሴቶች የጨነገፈባቸው 2 ናቸው። ካልወሰዱት 58 ሴቶች 8። ያ ሁሉ ተስፋ የቆመው በ6 ሴቶች ልዩነት ላይ ነበር። ባዶ ክኒን ወስዶ የተወዳደረ ቡድን አልነበረም። ሕክምናው የተጀመረውም በአማካይ በ10ኛው ሳምንት ገደማ ነው። አብዛኛው ጽንስ የሚጨነግፈው ከዚያ በፊት ነው።

ይህን ጥናት ያደረጉትን ሰዎች አልወቅስም። በር ከፍተዋል። ችግሩ ከበሩ አልፎ የሚሄድ ጥናት ሳይሠራ ዓመታት መቁጠራቸው ነው።

በዕጣ የተለየው ሙከራ

መልሱ በ2019 መጣ። ታብሌት የሚባለው የብሪታንያ ሙከራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለጓደኛዬ ጥያቄ የቀረበውን መልስ የሰጠው እሱ ነው።

በ49 ሆስፒታሎች ከ19,000 በላይ ሴቶች ተመረመሩ። ጽንስ የጨነገፈባቸው ወይም አልጸነስ ብሏቸው የተቸገሩ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንቲቦዲ ያለባቸው፣ ሆርሞናቸው ግን ልክ የሆነ 952 ሴቶች ተለዩ። ልክ የጓደኛዬን ዓይነት ማለት ነው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በቀን 50 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ተሰጣቸው። ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚወስድ ሴቶቹም ሐኪሞቹም አያውቁም። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ክኒኑ የተጀመረው ሳያረግዙ ነው። "ዘግይቶ ተጀምሮ ነው" የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም።

ውጤቱ፦ እውነተኛውን ክኒን ከወሰዱት 37.4 በመቶ ወለዱ። ባዶውን ከወሰዱት 37.9 በመቶ። ካረገዙት መካከል የጨነገፈባቸውም 28.2 እና 29.6 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው።

አንድ ጥናት ብቻውን አያሳምንም የሚል ካለ፣ ብቻውን አይደለም። በ2017 ቻይና ውስጥ በአይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከማህጸን ውጭ በማገናኘት) ለማርገዝ የሚሞክሩ 600 ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የጨነገፈባቸው 10.3 በመቶ ከክኒን ጋር፣ 10.6 በመቶ ያለ ክኒን። በ2022 ደግሞ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየምና ዴንማርክ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የጨነገፈባቸውን ሴቶች ብቻ የወሰደ ሙከራ ወጣ። 50 በመቶና 48 በመቶ ወለዱ። ይኸኛው ትንሽ ነው፤ 187 ሴቶች ብቻ ናቸው። ግን አቅጣጫው ያው ነው።

ከዚህ በኋላ የአውሮፓ የመካንነት ሕክምና ማኅበርም የብሪታንያ የማህጸን ሐኪሞች ኮሌጅም መመሪያቸውን አስተካከሉ። ሆርሞናቸው ልክ ለሆነ፣ አንቲቦዲ ብቻ ላለባቸው ሴቶች ሌቮታይሮክሲን አይመከርም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት መጀመሪያ ከፋት። "ስለዚህ ምንም የለኝም?" አለችኝ። ገባኝ። ክኒን ማለት የሚደረግ ነገር ማለት ነው። ባዶ እጅ መቅረት ያማል። ቆይታ ግን ሌላውን ጎን ራሷ አየችው። ያንን ክኒን ብትወስድም ኖሮ ያው ነበር። ያጠፋችው ነገር የለም።

ታዲያ አንቲቦዲው ምን ይሠራል?

ሳይንቲስቶች ሦስት መንገድ ያስባሉ። አንዱ ቅድም ያልኩት የመጠባበቂያ ጉዳይ ነው። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ግን ሆርሞን መጨመር መርዳት ነበረበት። አልረዳም። ሁለተኛው፣ አንቲቦዲው ራሱ አጥፊ ሳይሆን የመከላከያ ሥርዓቱ ሚዛን እንደተዛባ ጠቋሚ ነው የሚል ነው። ጽንስ ከአባቱም ስለሚወርስ ለእናት ሰውነት ግማሽ እንግዳ ነው። ያንን እንግዳ ለመቀበል የመከላከያ ሥርዓቱ በልዩ መንገድ መለዘብ አለበት። ሦስተኛው ቀላል ነው፦ ዕድሜ። አንቲቦዲ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ጽንስ የመጨንገፍ ዕድልም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ከግንኙነቱ የተወሰነው ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው፤ ከተግባር አንጻርም የሚጠቅመው እሱ ነው። ምክንያቱም የታይሮይድ አንቲቦዲ ያለባት ሴት ሌላ ራስን የሚያጠቃ በሽታ የመኖሩ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ከእነዚህ አንዱ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ሲሆን በተደጋጋሚ ጽንስ እንዲጨነግፍ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ይኸኛው ግን መድኃኒት አለው፤ በአነስተኛ መጠን አስፕሪንና ደም በሚያቀጥን መርፌ ይታከማል። ስለዚህ በተደጋጋሚ የጨነገፈባት ሴት "ታይሮይድ ነው" ተብላ እዚያው መቆም የለባትም። የአንቲፎስፎሊፒድ ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ ብላ ትጠይቅ።

አገር ቤት "ሾተላይ" የሚለው ቃልም እዚህ ይነሳል። ዛሬ ጤና ባለሙያዎች በዚህ ቃል የሚያስረዱት የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣምን፣ አርኤች የሚባለውን ነው። እሱም የራሱ መከላከያ መርፌ አለው። ከታይሮይድ ጋር ግን አይገናኝም።

ደግሞ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ከሚታወቁ እርግዝናዎች ከመቶ 15 ያህሉ ይጨነግፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ሲፈጠር በክሮሞዞም ላይ በተከሰተ ስህተት ነው። ዕቃ በማንሳት፣ በመደንገጥ ወይም ብርድ በመምታት የሚመጣ አይደለም።

ሆርሞኑ ሲያንስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንቲቦዲ ኖሯቸው ሆርሞናቸው ልክ ስለሆነ ሴቶች ነው። እባካችሁ ይህን ጽሑፍ አንብባ ክኒኗን የምታቆም ሴት እንዳትኖር።

ሆርሞን በእርግጥ ሲያንስ ጽንስ ሊጨነግፍ፣ የእናት ደም ግፊት ሊነሳ፣ ልጅ ያለ ጊዜው ወይም ከኪሎ በታች ሊወለድ ይችላል። አእምሮም ይነካል። በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ሆርሞናቸው አንሶ ሳይታከሙ ከቀሩ እናቶች የተወለዱ ልጆችን ከ7 እስከ 9 ዓመታቸው ለካ። በአይኪው ከእኩዮቻቸው በአማካይ 7 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኙ።

ስለዚህ አንቲቦዲ ያለባት ሴት ስታረግዝ ዋናው ሥራ ክትትል ነው። ሳታረግዝ ልክ የነበረው ሆርሞን በእርግዝና ሊወርድ ይችላል። የ2017ቱ የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር መመሪያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በየ4 ሳምንቱ ቲኤስኤች እንዲለካ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቲኤስኤች ከ4 በላይ ከሆነና አንቲቦዲው ካለ ሌቮታይሮክሲን ይጀመራል። በ2.5 እና በ4 መካከል ያለው ሐኪሙና ሴትየዋ ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። ከ10 በላይ ከሆነ አንቲቦዲ ኖረም አልኖረም ይታከማል።

ከእርግዝናዋ በፊት ክኒኑን ትወስድ የነበረች ሴት ደግሞ የምትቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የክኒኑ ፍላጎት ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ይጨምራል። ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ነው መመሪያው እርግዝናው እንደታወቀ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ክኒን መውሰድ ይጀመር የሚለው። ይህን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ፣ ሳይረገዝ፣ መነጋገር ይሻላል። ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላልና።

"እርጉዝ ሴት መድኃኒት አትወስድም" የሚለው የዘመድ ምክር በዚህ ክኒን ላይ አደገኛ ነው። ክኒኑ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ማቆም ነው የሚጎዳው።

ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ላይ ግን ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ዕጢውን ያነሳሳዋል፤ ሆርሞን ይበዛል። ያ አንቲቦዲ የእንግዴ ልጁን አልፎ የጽንሱን ታይሮይድ ሊነካ ይችላል። እናትየው ዕጢዋ ወጥቶ ወይም ታክማ ድና እንኳ አንቲቦዲው ሊቀር ስለሚችል፣ ግሬቭስ ነበረብኝ ማለት ለማህጸን ሐኪም የግድ የሚነገር ነገር ነው። ለበሽታው የሚሰጡት መድኃኒቶችም በእርግዝና ጊዜ ይቀየራሉ።

ቡናው፣ አይረኑና ጨው

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የጠዋት ቡና ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትልቁ ጠላት ግን አይረን ነው። እኛ አገር ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚሰጣት የአይረንና ፎሌት ክኒን ከሌቮታይሮክሲን ጋር አብሮ ከተዋጠ ሆዷ ውስጥ ይይዘዋል፤ ሆርሞኑ ሳይገባ ይወጣል። በመካከላቸው 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ካልሲየምም እንደዚሁ ነው። ሁለቱን ክኒን አንድ ላይ ውጣ "መጠኑ አልበቃኝም" ተብላ ክኒን የሚጨመርላት ሴት አትጠፋም። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን ይጠንቀቁ። የታይሮይድ ምርመራ ውጤትን ያዛባል። ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት ማቆም ጥሩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ታይሮይድና እርግዝና ስናወራ ከአንቲቦዲ በፊት የሚመጣው አዮዲን ነው። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ወደ 11,000 የሚጠጉ ሴቶችን አየ። ከመቶ 35.8ቱ እንቅርት ነበረባቸው። እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ደግሞ ከሌለባቸው ይልቅ ጽንስና ልጅ እንደጠፋባቸው ተናገሩ። የእናቶቻችን ትውልድ ነው ይሄ። ስንት "ሾተላይ" የተባለ ሐዘን ከአዮዲን እጥረት የመጣ እንደነበር ማን ቆጠረው?

ያ እጥረት የራሱ ታሪክ አለው። አዮዲን ያለው ጨው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። በ2011 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የነበራቸው ቤቶች ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016ቱ ዳሰሳ 89 በመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። አዮዲን አለው ማለት በቂ አለው ማለት ባይሆንም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። አዮዲን ሲያንሰው የኖረ ሕዝብ አዮዲን ሲያገኝ የታይሮይድ አንቲቦዲ ይጨምራል። ዴንማርክ ይህን በዝርዝር መዝግባለች። በ2000 ጨው ላይ አዮዲን ግዴታ ከሆነ በኋላ አንቲቦዲ ያለባቸው ሰዎች ከ14.3 ወደ 23.8 በመቶ ወጡ። ይህ ጨውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። የአዮዲን እጥረት በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ሃሺሞቶ የፈረንጅ በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ክሊኒክ ከዚህ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ይሻላል።

ቤት ውስጥ ጨውን ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑን ያቆየዋል። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። "ለታይሮይድ" ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ የባሕር አረም ክኒኖች ግን አዮዲናቸው ከልክ ያለፈ ሊሆን ስለሚችል አይወሰዱ።

አገር ቤት የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪና ሽንት ይታያሉ። ታይሮይድ የዚህ አካል አይደለም። ሁሉም ሴት ትመርመር የሚል ክርክር አላነሳም፤ ያደጉት አገሮችም እርስ በርስ አልተስማሙበትም። ግን እንቅርት ያለባት፣ በቤተሰብ ታይሮይድ ያለባት፣ ከዚህ በፊት የጨነገፈባት ወይም ያለ ጊዜዋ የወለደች፣ መጸነስ ያስቸገራት፣ ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ታማሚ የሆነች ሴት ቲኤስኤች እንዲታይላት ብትጠይቅ ትክክል ነች። መጀመሪያ መለካት ያለበትም ቲኤስኤች ነው። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካለ አንቲቦዲው ይቆይ።

ከጠያቂው መበተን በኋላ

ከወሊድ በኋላ ያለው ነገር ብዙ አይወራበትም። በእርግዝና ጊዜ የመከላከያ ሥርዓቱ ይለዝባል ብያለሁ፤ አንቲቦዲውም ይቀንሳል። ከወሊድ በኋላ ተመልሶ ይነሳል። አንቲቦዲ ካለባቸው ሴቶች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ዕጢያቸው ይቆጣል። መጀመሪያ ሆርሞን ይፈስና ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ከአራተኛው ወር በኋላ ደግሞ ይገለበጣል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጸጉር መርገፍ፣ ሐዘን።

የአራስ ቤት ገንፎ ተበልቶ፣ ጠያቂው ተበትኖ፣ እናትም ወደ አገሯ ተመልሳ ሴትየዋ ብቻዋን የምትቀርበት ጊዜ ነው። ሁሉም "ልጅ ማሳደግ ነው፣ ያደክማል" ይላታል። ሊሆን ይችላል። ግን አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል። አንቲቦዲ እንዳለባት የታወቀች ሴት ከወለደች በ6ኛው ወር ቲኤስኤች መለካት አለባት፤ እስከዚያ ምልክቱ ከታየ ደግሞ ቀደም ብሎ። አብዛኛዎቹ በዓመቱ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ክኒኑን ለሁልጊዜ ይወስዳሉ።

ጓደኛዬ የአንቲፎስፎሊፒድ ምርመራ ተደረገላት፤ ነጻ ነች። ያለ ክኒን ለሦስተኛ ጊዜ አረገዘች። በ6ኛው ሳምንት ቲኤስኤችዋ 2.2 ነበር። በ10ኛው 4.7 ሆነ። ያኔ ሐኪሟ ሌቮታይሮክሲን ጀመረላት፤ ይህን ጊዜ ለአንቲቦዲው ሳይሆን ላነሰው ሆርሞን። አሁን 23ኛ ሳምንቷ ነው። ክኒኗን ሌሊት ለሽንት ስትነሳ በውኃ ትውጣለች። አይረኗን ከምሳ በኋላ። ቡናዋን አልተወችም፤ እስኪነጋ ድረስ ትጠብቃለች እንጂ።